ገዝተነው ሳለ «የአንተ አይደለም» አለው

ከደብረ ማርቆስ የደረሰን ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ስላለፈ ዱባይ ያለው ወንድሜ ስቲም ከሚሉት የኢንተርኔት መደብር የኳስ ጨዋታ ገዝቶ በስጦታ ላከለት። እነሱ ፊፋ ይሉታል፤ አሁን ስሙ ኤፍሲ ነው አሉኝ። የቤታችን ኢንተርኔት ስለማይችለው ላፕቶፑን ኮምፒውተር ጥገና ቤት ወስዶ እዚያ አስጫነው። ሱቁ ውስጥ በደንብ ሠራ። ቤት መጥቶ ሲከፍተው የሱቁን ልጅ ስም አየበት። እሱን አጥፍቶ በራሱ ኢሜይል ሲገባ ‹የዚህ ጨዋታ ባለቤት አይደለህም› የሚል ጽሑፍ መጣ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም አጣ። ልጄ ሱቁ ድረስ ሄዶ በሰው ፊት ‹ሌባ› ብሎታል። እኔ ደግሞ ከሱቁ ልጅ እናት ጋር በአንድ እድር ነው ያለሁት። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ወንድሜም ተናዶ አንዴ ‹ገንዘቤን በባንክ አስመልሳለሁ› ይላል፣ አንዴ ‹ሌላ ልግዛለት› ይላል። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ከምንም ነገር በፊት አንድ ስልክ ይደውሉ። ለሱቁ ልጅ አይደለም። ለእናቱም አይደለም። ለወንድምዎ ነው። «ባንክ ጋ እንዳትሄድ፣ ጥቂት ቀን ታገሠኝ» ይበሉት። የቀረውን መልሴን ከደወሉ በኋላ ቢያነቡት ይሻላል።

ምክንያቱን ልንገርዎ። አንድ ገዢ ባንኩን «ይህን ክፍያ ሻሩልኝ» ሲል መደብሩ ነገሩን እንደ ማጭበርበር ነው የሚያየው። የገዢውን አካውንት ይገድባል። በዚያ ክፍያ የተገዛውንም ጨዋታ ከተቀባዩ ላይ ይነሣል። ዛሬ በስህተት የወጣው ጽሑፍ ያን ጊዜ እውነት ይሆናል ማለት ነው። ወንድምዎ ገንዘቡን ማስመለስ ከፈለገ ሌላ የተፈቀደ መንገድ አለ፤ እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ቤትዎ ሁከት። ከጻፉልኝ ተነሥቼ ስመዝነው እዚህ ነገር ውስጥ ሌባ ያለ አይመስለኝም። ያለው ጥድፊያና በደንብ ያልታሰበበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ልጅዎ ለምን እንደዚያ እንዳሰበ ግን ይገባኛል። የራሱ ጨዋታ ላይ የሌላ ሰው ስም አየ። ስሙን ሲያጠፋው «ያንተ አይደለም» ተባለ። በእሱ ቦታ የቆመ ማንም ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል?

ገጠር ዘመድ ካለዎት የመሬት ይዞታ ደብተርን ያውቁታል። ገበሬው መሬቱን ያርሳል፣ ያከራያል፣ ለልጁ ያወርሳል። መሸጥ ግን አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ከልክሎታል። በእጁ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ክርክር ሲነሣም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ደብተሩ በማን ስም ነው?» ተብሎ ነው። የኢንተርኔት ጨዋታም እንደዚሁ ነው። ወንድምዎ የገዛው ዕቃ አይደለም፣ የመጫወት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ የተጻፈው በልጅዎ ስም ወይም በላፕቶፑ ላይ አይደለም። አካውንት በሚባለው የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ነው።

ይህን እኔ ፈጥሬ አይደለም የምነግርዎ። ስቲም ራሱ ከ2024 (በፈረንጆቹ) ጥቅምት ጀምሮ በመክፈያ ገጹ ላይ፣ የሚገዛው ነገር የመጠቀም ፈቃድ እንደሆነ በግልጽ ይጽፋል። ፈቃድ ደግሞ ሊነሣም ይችላል። በዚያው ዓመት ዩቢሶፍት የሚባለው የጨዋታ ኩባንያ «ዘ ክሩ» የሚባለውን የመኪና ውድድር ጨዋታውን ሲዘጋ ገንዘብ ከፍለው የገዙት የብዙ ሰዎች ፈቃድ ተነሥቷል። እሱ የእውነት መነጠቅ ነበር። የልጅዎ ግን የዚያ ዓይነት አይደለም። የልጅዎ ፈቃድ አለ። የጠፋው ፈቃዱ የተመዘገበበት አካውንት ነው፤ ልጅዎ በሌላ አካውንት ገብቶ ነው የሚፈልገው።

የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው፦ ጨዋታው ሁለት በር አለው። የመጀመሪያው ስቲም ነው፤ የተገዛው እዚያ ነው። ጨዋታውን የሠራው ኩባንያ ግን ኢኤ ይባላል፤ የራሱ መግቢያ አለው፣ ኢኤ አፕ ይሉታል። ጨዋታውን ስቲም ላይ ሲከፍቱት ኢኤ አፕ ከኋላው ብቅ ይልና «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። የኢኤ አካውንት ካልገባ ጨዋታው አይነሣም። የመጀመሪያው ቀን የገባው የኢኤ አካውንት ከስቲሙ አካውንት ጋር ይጣመራል። አንድ ለአንድ። ከዚያ በኋላ በሌላ የኢኤ አካውንት ሲገቡ ኢኤ አፕ «የዚህ ጨዋታ ባለቤት አይደለህም» ይላል።

ሱቁ ውስጥ የሆነውን አሁን መገመት አይከብድም። ኤፍሲ 25 ለምሳሌ 100 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል። እሱን አውርዶ መጫን የሰዓታት ሥራ ነው። ሲያልቅ የሱቁ ልጅ መሥራት አለመሥራቱን ማየት ነበረበት፤ ሳይሞክር ቢመልስላችሁም ትቆጡ ነበር። ኢኤ አፕ አካውንት ሲጠይቀው ልጅዎ የኢኤ አካውንት የለውም፣ ወይም አጠገቡ አልነበረም። ስለዚህ የራሱን አስገባ። ጨዋታው ተከፈተ። «ሠርቷል፣ ውሰድ» አለው። ያቺ የአንድ ደቂቃ ሙከራ ሁለቱን አካውንቶች አጣመረቻቸው።

የሱቁ ልጅ በዚህ ያተረፈው ነገር የለም። ጨዋታው የሚነሣው በልጅዎ ስቲም በኩል ነው። የስቲሙ አካውንት ከሌለው በራሱ ኢኤ አካውንት ብቻ ቁጭ ብሎ ሊጫወትበት አይችልም። ይህን ለልጅዎ ይንገሩት። እንዲህ ዓይነት ሌብነት ሌባውን አይጠቅምም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለልጅዎ ነው። ስልክዎን ይስጡትና ራሱ ያንብበው።

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ስቲምህን ክፈትና «አካውንት ዲቴልስ» ወደሚለው ግባ። እዚያ ያሉህን ፈቃዶችና ያስገባሃቸውን ቁልፎች የሚያሳይ ገጽ አለ። ላይሰንስስ የሚል ቃል ፈልግ። ጨዋታው ከነቀኑ እዚያ ከተዘረዘረ፣ በስጦታ የተገኘ መሆኑም ከተጻፈ፣ ፈቃዱ አንተ ጋ ነው። ስክሪኑን ፎቶ አንሣው። ይህ ፎቶ በኋላ ይጠቅምሃል።

እዚያ ከሌለ ነገሩ ሌላ ነው ማለት ነው። ምናልባት ስጦታውን አልተቀበልከውም። የስቲም ስጦታ ለጓደኛ አካውንት ይላክና ተቀባዩ «እሺ» እስኪል ይጠብቃል። ወይም ሱቁ ውስጥ የከፈትከው ስቲም አጎትህ ከላከበት የተለየ ነው። ሁለት ኢሜይል ያላቸው ልጆች ይህ ይደርስባቸዋል፤ አንዱን ለትምህርት ቤት፣ አንዱን ለቴሌግራም ከፍተው በየትኛው እንደተመዘገቡ ይረሳሉ። አጎትህን «ለየትኛው ስም ላክከው?» ብለህ ጠይቀው። የግዢው ደረሰኝ በእሱ ኢሜይል ስላለ እሱንም ይላክልህ።

ፈቃዱ ስቲም ላይ ካለ ወደ ኢኤ አፕ እለፍ። በማን ስም እንደገባህ መጀመሪያ እይ። ውጣና እንደገና ግባ። አፑ ውስጥ «ሄልፕ» ከሚለው ሥር «አፕ ሪከቨሪ» የሚባል አለ፤ የተጠራቀመውን ጊዜያዊ ፋይል ያጸዳልሃል። ኮምፒውተሩንም አጥፍተህ አብራው። በዚህ ብቻ የሚስተካከል ጊዜ አለ። ያንተ ግን በዚህ የሚፈታ አይመስለኝም፤ የተጣመረው የሱቁ ልጅ አካውንት ነውና።

ስለዚህ የግድ እሱ ያስፈልግሃል። አዎ፣ ያ «ሌባ» ያልከው ልጅ። የኢኤ አካውንት ገጽ ላይ «ኮኔክሽንስ» የሚል ክፍል አለ። ከስቲም፣ ከፕሌይ ስቴሽን ወይም ከኤክስቦክስ ጋር የተጣመረው ሁሉ እዚያ ይታያል። እሱ በራሱ አካውንት ገብቶ ሲያይ ያንተን የስቲም ስም እዚያ ያገኘዋል። ካገኘው ጥርጣሬው አበቃ፤ ምክንያቱ ታወቀ። ማለያየቱን ግን ዝም ብላችሁ አትነካኩት። በዚያ አካውንት የተጫወትከው ነገር፣ ለምሳሌ አልቲሜት ቲም ላይ የሠራኸው ቡድን፣ አብሮህ አይመጣም። አንዴ ያለያዩትን መልሶ ማጣመርም ሊያስቸግር ይችላል። የኢኤን የድጋፍ ክፍል ጠይቃችሁ ብታደርጉት ይሻላል።

ለድጋፍ ክፍሉ ስትጽፍ አጭር ጻፍ። በእንግሊዝኛ መሆን አለበት፤ አማርኛውን ጽፈህ ጎግል ቢተረጉምልህም ይበቃል፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ይጠር። «ጨዋታውን በስጦታ ያገኘሁት በዚህ የስቲም አካውንት ነው። ጥገና ቤት ሲሞከር በስህተት ከሌላ ሰው የኢኤ አካውንት ጋር ተጣመረ። የአካውንቱ ባለቤት ያውቃል፣ ይስማማል። ከራሴ የኢኤ አካውንት ጋር እንዲጣመርልኝ እጠይቃለሁ።» ከዚያ የስቲም ስምህን፣ የኢኤ ኢሜይልህን፣ የፈቃዱን ገጽ ፎቶ፣ የስህተቱን ጽሑፍ ፎቶ አያይዝ። የይለፍ ቃልህን አትጻፍ። እውነተኛ የድጋፍ ሠራተኛ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ የጠየቀህ ካለ አጭበርባሪ ነው። የሱቁ ልጅም በራሱ ኢሜይል «እስማማለሁ» ብሎ ቢጽፍ ሥራው ይፈጥናል። እሱ እንዲጽፍልህ ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለብህ አንተም ታውቃለህ።

አንድ ሌላ ነገር። የስቲም አካውንቱን የከፈትከው ሱቁ ውስጥ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ቀይረው። ስቲም ጋርድ የሚባለውን የስልክ ማረጋገጫም አብራው። ይህን ስልህ የሱቁን ልጅ ጠርጥሬ አይደለም። ሰው በሚበዛበት ሱቅ፣ ሰው በሚያየው ስክሪን ላይ የተጻፈ የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ በቃ።

ወደ እርስዎ ልመለስ፣ እህቴ። ወደ አካውንቱ ነገር ከመሄዳችሁ በፊት ልጅዎ የላፕቶፑን ሰዓት እንዲያይ ይንገሩት። ይህን ምክር ከሌላ አገር የሚሰጥ ሰው አያስታውሰውም፤ የእኛ አገር ችግር ነውና። ጨዋታዎቹ ፈቃድ ሲያረጋግጡ ከኩባንያው ኮምፒውተር ጋር በምስጢር ይነጋገራሉ። ለዚያ ንግግር የሚያገለግለው የመታወቂያ ሰነድ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ገደብ አለው። የእናንተ ላፕቶፕ ቀኑ ከተሳሳተ ሰነዱ ያለፈበት ወይም ገና ያልደረሰ ይመስለዋል። ንግግሩ ይቋረጣል። አፑም «ባለቤትነትህን ማረጋገጥ አልቻልኩም» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ በድፍረት «ባለቤት አይደለህም» ይላል።

ቀኑ እንዴት ይሳሳታል? አንዳንዱ ሰው ኮምፒውተሩን በእኛ አቆጣጠር ያስተካክለዋል። 2018 ብሎ ሲያስገባ ኮምፒውተሩ የፈረንጆቹ 2018 ይመስለዋል። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ሌላው ሰዓቱን በእኛ ሰዓት ያደርገዋል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለኮምፒውተሩ ዘጠኝ ሰዓት መሆን ሲገባው ሦስት ይልበታል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። ያረጀ ኮምፒውተር ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ባትሪ ስታልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ባትሪዋ የትም ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ትገኛለች። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ከሆነ የሰዓት ቀጠናውን ናይሮቢ የሚለው ላይ ያድርጉት፤ የእኛም ሰዓት እሱ ነው። ከዚያ «በራሱ ያስተካክል» የሚለውን ማብራት ነው። ለእኛ ሰዓትና ቀን ስልክ ላይ አፕ አለ፣ ግድግዳ ላይም የዘመን መቁጠሪያ አለ።

ኢንተርኔቱም አለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት እንደተቋረጠ የማያስታውስ የለም። መስመር በሌለበት ጊዜ ገንዘብ ተከፍሎበት ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ጨዋታም ሊከፈት የማይችልበት ምክንያት ይኼው ነው፤ መጠየቅ አለበት፣ የሚጠይቀው ደግሞ የለም። ስቲም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበት ስልት አለው፤ ኦፍላይን ሞድ ይባላል። ግን ጨዋታው አስቀድሞ መስመር ባለበት አንዴ ተከፍቶ መሆን አለበት። እንደ ኤፍሲ ያለው ሁለት በር ያለው ጨዋታ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ማረጋገጫ ስለሚፈልግ ብዙም አትመኑት።

እዚህ ላይ ቅሬታዬን ልናገር። እነዚህ ኩባንያዎች አምስትና ስድስት የተለያየ ችግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀልሉታል። መስመር ጠፋ፣ ቀን ተሳሳተ፣ ሌላ አካውንት ገባ፣ የእነሱ ሰርቨር ተኛ፤ ለሁሉም «ባለቤት አይደለህም»። «ማረጋገጥ አልቻልኩም፣ ቆይተህ ሞክር» ቢል ምን ነበረበት? ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ባልተኳረፈ ነበር። ጽሑፉን የሚጽፉት ሰዎች «ሌባ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚከብድ አያውቁም።

የቴሌግራሙን ነገር ሳላነሣ አላልፍም፤ ልጅዎ ተስፋ ቆርጦ ወደዚያ እንዳይሄድ። እዚያ ጨዋታ በርካሽ የሚሸጡ ብዙ ሰዎች አሉ። የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ጨዋታ አይደለም፣ የጋራ አካውንት ነው። አንዱን አካውንት ለብዙ ሰው ይሰጣሉ። ሻጩ የይለፍ ቃሉን ሲቀይር፣ ወይም እውነተኛው ባለቤት ሲነቃ፣ ሁሉም ባንድ ቀን «ባለቤት አይደለህም» ይባላሉ። ያኔ ጽሑፉ እውነቱን ነው። አቤት የሚባልበትም ቦታ የለም። አንዳንዴ ደግሞ «ብዙ ኮምፒውተሮች ይህን ጨዋታ ተጠቅመዋል» የሚል ሌላ ጽሑፍ ይመጣል። ያ በአንድ ቀን ውስጥ በብዙ ማሽን ላይ ስለተሞከረ ነው፤ አንድ ቀን ሲያድር ይለቃል። ልጅዎ የሚያየው ይህኛው ከሆነ አይጨነቅ።

ይህን አጋጣሚ ይዤ ከባሕር ዳርም፣ ከፍኖተ ሰላምም ፕሌይ ስቴሽን ቤት ለከፈቱ አንባቢዎች አንድ ቃል ልጨምር፤ ጥያቄው ስለሚመሳሰል ነው። ጨዋታው ላይ የቁልፍ ምልክት ከመጣ በሴቲንግ ውስጥ «ሪስቶር ላይሰንስስ» የሚለውን ፈልጉና ንኩት፤ ፈቃዶቹን እንደገና ይጠራቸዋል። ይህ መስመር ይፈልጋል። መስመር ሲጠፋ እየተቆለፈ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ግን፣ ጨዋታው የተገዛበት አካውንት ያንን ማሽን እንደ ዋና ማሽኑ አልመዘገበውም ማለት ነው። በፒኤስ 4 ላይ «ፕራይመሪ» ይሉታል። አንድ አካውንት አንድ ፒኤስ 4ን ብቻ ነው ዋና ማድረግ የሚችለው። አራት ማሽን ላይ በአንድ አካውንት የሚሠራ ቤት መስመር በጠፋ ቁጥር ሦስቱ ቢቆለፉበት አይግረመው። ማይንክራፍት የሚባለውን ጨዋታ ገዝተው «ዴሞ (የሙከራው ቅጂ) ብቻ ነው ያለህ» ለሚባሉት ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በሌላ የማይክሮሶፍት አካውንት መግባት ነው። በድሮው የሞጃንግ (የጨዋታው ሠሪ) አካውንት ገዝታችሁ እስከ 2023 (በፈረንጆቹ) ወደ ማይክሮሶፍት ያላዞራችሁ ግን ጊዜው አልፎባችኋል።

አሁን የሱቁን ልጅ ነገር። እህቴ፣ ይህን እርስዎ አያድርጉት። ልጅዎ 12ኛ ክፍል ጨርሷል፤ ሰውን በሰው ፊት የሰደበ እሱ ነው፣ በሰው ፊት ይቅርታ የሚጠይቀውም እሱ ነው። ሱቁ ይሂድ። ያን ቀን ከነበሩት ሰዎች አንዱ እንኳ ቢኖር ይመረጣል። «አላወቅሁም ነበር፣ ምክንያቱን አሁን አወቅሁት፣ ይቅርታ አድርግልኝ» ይበል። ላፕቶፑን ይዞ መሄዱንም እንዳይረሳ፤ ሥራው የሚያልቀው ሁለቱ አብረው ሲቀመጡ ነው። የእርስዎ ድርሻ ከእናቱ ጋር ነው። በእድሩ ስብሰባ ላይ ሰው እየሰማ ከመናገር ቤቷ ድረስ ሄደው ለብቻ ይንገሯት። ቡና ይዘው ቢሄዱ ደግሞ ማን ይከለክልዎታል። «ልጅሽ አልሰረቀም፤ የኔው ልጅ ነው የቸኮለው» ካሏት ሌላ ሽማግሌ አያስፈልጋችሁም። የሱቁን ልጅም ካገኘሁት አንድ ነገር እለዋለሁ፦ የሰው ጨዋታ በራስህ አካውንት አትሞክር። ደንበኛው የራሱን እስኪከፍት ጠብቅ። ለሞከርክበት ደቂቃ አይደለም፣ ለስምህ ብለህ።

ወንድምዎ ገንዘቡን ማስመለስ ከፈለገ መንገዱ እነሆ። ስቲም ጨዋታው ከተገዛ 14 ቀን ካልሞላውና ከ2 ሰዓት በታች ከተከፈተ ገንዘብ ይመልሳል። ስጦታ ከሆነና ተቀባዩ ከተቀበለው ጥያቄውን የሚጀምረው ተቀባዩ ነው፤ ልጅዎ ማለት ነው። ገንዘቡ ግን የሚሄደው ለከፈለው ሰው ነው። ቀኑ አልፎ ከሆነም መጠየቅ አይከለከልም፤ አይተው ይወስናሉ። ልጅዎ ጨዋታውን ደጋግሞ እየከፈተ ስህተቱን ማየቱን ግን ለጊዜው ይተው። ስቲም ጨዋታው ክፍት የሆነበትን ጊዜ ነው የሚቆጥረው፤ ኳስ መታ አልመታ አይለይም።

«ሌላ ልግዛለት» የሚለውን ደግሞ አይፍቀዱለት። ቢሞክርም አይሆንለትም። ስጦታ ሊልክ የልጅዎን ስም ሲመርጥ ስቲም «ይህ ጓደኛህ ጨዋታው አለው» ይለዋል። እንዲያውም ሳይከፍል እስከዚያ ገጽ ድረስ ሄዶ ይይ። እንደዚያ ካለው ጨዋታው የልጅዎ ለመሆኑ ስቲም ራሱ መሰከረ ማለት ነው። ያንንም ገጽ ፎቶ ያንሣና ይላክላችሁ፤ ለኢኤ የሚጻፈው ደብዳቤ ላይ አያይዙት።